ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ በጣቱ ሲራመድ የጡንቻ ኢኤምጂ ግራፉን እንዴት እናንብበው?

ፊዚዮ ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በግራ ጎኑ ሴሬብራል ፓልሲ (በሕፃንነት ከሚደርስ የአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት የ7 ዓመት ልጅ እየተከታተልኩ ነው። ያለ ድጋፍ ይራመዳል፤ የመንቀሳቀስ አቅምን ከ1 እስከ 5 በሚመድበው ጂኤምኤፍሲኤስ ደረጃ 2 ላይ ነው። የግራ ተረከዙ መሬት አይነካም። እግሩን ሲያነሳም ጉልበቱ እንደሚገባው ስለማይታጠፍ የጫማው ጫፍ መሬት እየታከከ ተበልቷል።

አልጋ ላይ ያገኘሁት ይህ ነው። ጉልበቱ ተዘርግቶ ቁርጭምጭሚቱን በዝግታ ወደ ላይ ስገፋው 90 ዲግሪ ለመድረስ 5 ዲግሪ ሲቀረው ይቆማል። ጉልበቱን አጥፌ ስገፋው 90ን አልፎ 8 ዲግሪ ይጨምራል። ጉልበቱ ተዘርግቶ በፍጥነት ስገፋው ደግሞ 20 ዲግሪ ሲቀረው ይይዛል።

ባለ 4 ቻናል የኢኤምጂ (የጡንቻን የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚመዘግብ) መሣሪያ አግኝተናል። በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፣ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይመዘግባል። ኤሌክትሮዶቹን የለጠፍኩት በቲቢያሊስ አንቴሪየር (እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው የቅልጥም ፊት ጡንቻ)፣ በጋስትሮክኒሚየስ (የባት ጡንቻ) ውስጠኛ ራስ፣ በሬክተስ ፌሞሪስ (የጭን ፊት ጡንቻ) እና በሴሚቴንዲኖሰስ (የጭን ጀርባ ጡንቻ) ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያሳየኝ ለስላሳ መስመር ነው፣ ጥሬውንም ያስቀምጣል። የባቱ ጡንቻ እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ይነሳል። ቲቢያሊስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይጠፋም። ሬክተስ ፌሞሪስ እግሩ አየር ላይ እያለ ብዙ ይቆያል። አብሮኝ የሚሠራ ባለሙያ ለባቱም ለሬክተሱም ቦቱሊነም ቶክሲን (ጡንቻን ለጊዜው የሚያዳክም መርፌ) ያስፈልገዋል ይላል።

ጥያቄዬ፦ ባቱን የያዘው ስፓስቲሲቲ (ጡንቻው በፍጥነት ሲለጠጥ ያለ ፈቃድ መኮማተሩ) ነው ወይስ ጡንቻው አጥሯል? ይህ ግራፍ ይህን መለየት ይችላል? ወላጆቹን አዲስ አበባ ድረስ ከማመላለሴ በፊት በእጄ ያለውን መረጃ በደንብ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ።

ሲግናል ቀዚራ

ስለ ሕክምናው የሚያውቁት ይመልሱልዎታል። እኔ ግራፉ ራሱ መታመኑ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጠቀሷቸው ሦስት ነገሮች ሦስቱም በአለጣጠፍና በማጣሪያ ብቻ ሊፈጠሩ የሚችሉ ናቸው።

መጀመሪያ ለስላሳውን መስመር ይዝጉትና ጥሬውን ይክፈቱ። ትክክለኛ የጡንቻ ሲግናል ጥቅጥቅ ያለና ከዜሮው መስመር በላይም በታችም የሚሾል ነው። እግር መሬት ሲመታ ሽቦውና ቆዳው ስለሚንቀጠቀጡ የሚመጣው ግን አንድ ሰፊ፣ ዘገምተኛ ማዕበል ነው። ጥሬው ላይ ሁለቱ በዓይን ይለያሉ። ሶፍትዌሩ አሉታዊውን ወደ አዎንታዊ ገልብጦ ካለሰለሰው በኋላ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉብታ ይሆናሉ፤ ያኔ የሽቦ መንቀጥቀጥ የባት ጡንቻ መስሎ ይቀርባል። ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ። ማዕበሉ ካልጠፋ ወደ 30 ይውጡ። ከላይ 450 ኸርዝ በቂ ነው። ሽቦዎቹን ደግሞ በፋሻ ከእግሩ ጋር አያይዟቸው፤ ኤሌክትሮዱ አጠገብ ትንሽ ላላ ይበል እንጂ የሚወዛወዝ መኖር የለበትም።

ቀጥሎ የመብራት ጣልቃ ገብነት። ልጁን አስተኝተው ዝም ብሎ እያለ ይመዝግቡ። መስመሩ ቀጭን መሆን አለበት። ወፍራምና እኩል ሆኖ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም ከሆነ የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር ነው። የቲቢያሊስዎ «አለመጥፋት» አንዱ ተጠርጣሪ ይሄ ነው። ቬንቲሌተሩን ያጥፉ፣ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለው በባትሪ ያሠሩ። መንቀሉ ለጥራት ብቻ አይደለም። የሕክምና መሣሪያ የሚጠይቀው የኤሌክትሪክ መለያ ከሌለው በቀር፣ ልጅ ላይ የተለጠፈ ሽቦ 220 ቮልት ካለበት ግድግዳ ጋር በምንም በኩል መገናኘት የለበትም። 50 ኸርዝን ብቻ የሚቆርጠውን ማጣሪያ የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት፣ ምክንያቱም የጡንቻው የራሱ ጉልበትም ብዙው እዚያው አካባቢ ነው።

ቆዳውን በተመለከተ፦ የድሬን ሙቀት አይናቁት። ላብ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መሃል ድልድይ ከሠራ ሲግናሉ ያንሳል፣ ማጣበቂያውም ይላቀቃል። በማለዳ መዝግቡ። ቆዳውን በአልኮል ጠርገው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ አይቆይም። በሁለቱ ኤሌክትሮዶች እምብርት መካከል 20 ሚሊሜትር ይሁን። የቲቢያሊስ ቦታው ከፊቡላ ጫፍ እስከ ውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ከሚሰመረው መስመር ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ባቱ ላይ ጡንቻው ጎልቶ በሚታይበት ቦታ። ሬክተስ ፌሞሪስ ከዳሌው የፊት አጥንት እስከ የጉልበት ሎሚው የላይኛ ጠርዝ ግማሽ ላይ። ሴሚቴንዲኖሰስ ከመቀመጫው አጥንት እስከ ጉልበቱ የውስጥ ጎን ግማሽ ላይ። ማጣቀሻውን ኤሌክትሮድ አጥንት ላይ ያድርጉት፣ ለምሳሌ ሎሚው ላይ።

የልጅ ቅልጥም ቀጭን ስለሆነ የጎረቤት ጡንቻ ድምፅ በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ ከመራመዱ በፊት ይፈትኑት። ልጁ በጣቶቹ ይቁም፤ ባቱ ሲሠራ የቲቢያሊሱ ቻናል አብሮ በዚያው ቅርፅ ከተነሳ ኤሌክትሮዱን ወደ ቅልጥሙ አጥንት ጠርዝ ጠጋ አድርገው ይድገሙት። ቅርፁ ካልተለወጠ እውነተኛ የጋራ መኮማተር ሊሆን ይችላል፤ ከጠፋ ግን የጎረቤት ድምፅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። «ቀድሞ ይነሳል» ያሉት በምን ሰዓት ተለክቶ ነው? በቀጥታ የሚያለሰልስ 5 ኸርዝ ማጣሪያ መስመሩን ቢያንስ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ወደፊትና ወደ ኋላ የሚያጣራው ደግሞ አያዘገይም፣ ነገር ግን ጉብታውን በሁለቱም በኩል ስለሚያሰፋው መነሻው ከእውነቱ ቀድሞ ይታያል። በዚህ ዕድሜ አንድ ሙሉ የእርምጃ ዙር ከ1 ሰከንድ ያነሰ ስለሆነ 30 ሚሊሰከንድ ከዙሩ 3 በመቶ በላይ ነው። መነሻውን ሁልጊዜ ጥሬው ላይ ይፈልጉት። የተለመደው ደንብ ከእረፍቱ አማካይ በ3 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የመዋዠቅ ልክ) በልጦ ቢያንስ ለ25 ሚሊሰከንድ የቆየውን መነሻ ማለት ነው። የእረፍቱን ልክ ግን ተኝቶ ሳለ ይውሰዱት። እነዚህ ልጆች ቆመው እያሉ ጡንቻቸው ዝም አይልም።

የእግሩ መሬት መንካትም በቪዲዮ ከሆነ የስልክ ካሜራ በሰከንድ 30 ሲቀርጽ አንዱ ምስል ከሌላው በ33 ሚሊሰከንድ ይርቃል፤ ስልኩ 240 የሚቀርጽ ከሆነ ያንን ይምረጡ። ቪዲዮውንና ኢኤምጂውን ለማግጠም ከመነሳቱ በፊት ካሜራው እያየ ኤሌክትሮዱን በጣት መታ ያድርጉት፤ ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ ሹል ይወጣል።

ሪሃብ ሐረር

እህቴ፣ ከላይ የተጻፈውን ሳትፈትሺ ወደ ንባብ እንዳትሄጂ። ፈትሸሽ ካለፍሽ ግን ልቀጥል።

ዙሩን ተረከዝ መሬት ከነካበት 0 ብለን ያው እግር እንደገና እስኪነካ 100 እንበለው። እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው እስከ 60 አካባቢ ነው። ቲቢያሊስ እግሩ ሊነሳ ሲል ይጀምርና አየር ላይ ሳለ ሁሉ ሠርቶ ከመሬት ንኪያ በኋላ እስከ 12 ገደማ ድረስ እግሩን ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ባቱ ከ10 እስከ 50። የጭን ጀርባው ከ80 ገደማ ጀምሮ እስከ 10። ሬክተስ እግሩ በሚነሳበት ሰዓት አጭር ብልጭታ አለው፣ እሱ ጤናማ ነው። ይህን ይዘሽ የልጁን ግራፍ እያት።

ኢኤምጂ ጡንቻው መቼ እንደታዘዘ ይነግርሻል። ምን ያህል እንደጎተተ፣ አጥሮ እንደሆነ፣ ለምንስ እንደታዘዘ አይናገርም። ለጥያቄሽ መልሱ ያለው ግማሹ አልጋው ላይ ነው፣ እሱንም በግማሽ አግኝተሽዋል። ጉልበቱ ሲታጠፍ 8 ዲግሪ ያልፋል፣ ሲዘረጋ ግን 5 ይጎድለዋል። ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ስለሚነሳ ጉልበት ሲታጠፍ ይላላል፤ ሶሌየስ (ከሥሩ ያለው ሌላው የባት ጡንቻ) ግን ጉልበትን አያውቅም። ስለዚህ የሚይዘው ጋስትሮክኒሚየስ ነው፣ ሶሌየስ ርዝመቱን አላጣም።

አሁን ኤሌክትሮዱ ባቱ ላይ እንዳለ አስተኚው። ጉልበቱን ዘርግተሽ፣ ተረከዙን በመዳፍሽ ይዘሽ በትንሹ ወደ ውስጥ አዘንብለሽ (ይህን ካላደረግሽ እግሩ መሃሉ ላይ ይታጠፍና ቁርጭምጭሚቱ የሄደ ያስመስላል) ከ3 ሰከንድ በላይ በፈጀ ዝግታ ግፊው። ጫፉ ላይ ሲቆም ግራፉን እዪ። ዝም ካለ የያዘው የትእዛዝ ነገር አይደለም፣ ጡንቻውና ጅማቱ ራሳቸው አጥረዋል። ጫፉ ላይ ግራፉ እየሠራ ከሆነ ልጁ ተወጥሯል ወይም አሞታል፤ አረጋግተሽ ድገሚ። ከዚያ በተቻለሽ ፍጥነት ግፊው። ድንገተኛ ጥቅጥቅ ያለ ፍንዳታ ከታየ ስፓስቲሲቲው እሱ ነው። የቁጥርሽ ትርጉምም ይኸው ነው፦ በዝግታ 5 የሚጎድለው ያጠረበት ነው፣ በፍጥነት 20 ላይ የሚይዘው ደግሞ ስፓስቲሲቲው ነው። በመካከል ያለው 15 ዲግሪ ቦቱሊነም ሊነካው የሚችለው ክልል ነው። 5ቱን አይነካውም።

የመራመዱ ግራፍ ላይ ያለው ወጥመድ ደግሞ ይህ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ የሌለበትን ልጅ በጣትህ ተራመድ ብትይው የሱም ባት መሬት ከመንካቱ በፊት ይነሳል። በጣት የሚያርፍ እግር ባቱን አዘጋጅቶ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ «ቀድሞ ተነሳ» ብቻውን ስፓስቲሲቲን አያረጋግጥም። ቀኝ እግሩ ላይ ለጥፈሽ ሁለቱንም በጣት እንዲሄድ አድርጊና አወዳድሪ። ሌላው ከግራ ተረከዙ በታች ማንሻ አስገብተሽ በተረከዙ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። የቀደመው ሥራ ከቀነሰ ከአረጋገጡ የመጣ ነበር። ካልቀነሰ፣ በተለይ መነሻው ጉልበቱ እየተዘረጋ ባቱ በሚለጠጥበት ቅጽበት ላይ ከሆነ፣ ስፓስቲሲቲው በመራመዱ ውስጥም እየገባ ነው ማለት ነው።

ሬክተሱ ላይ አትቸኩሉ። አራት ነገር ይፈተሽ። ኤሌክትሮዱ ከሥሩና ከጎኑ ያሉትን ቫስተስ ጡንቻዎች ይሰማል፤ ለአንድ ዙር የሴሚቴንዲኖሰሱን ቻናል ወደ ቫስተስ ላተራሊስ አዛውሪና ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሬክተስን ብቻውን አትክሰሺ። ልጁን በደረቱ አስተኝተሽ ጉልበቱን በፍጥነት እጠፊ፤ መቀመጫው ከአልጋ ከተነሳ ሬክተስ ጥብቅ ነው። ቪዲዮው ላይ ጉልበቱ በጣም የሚታጠፈው መቼ ነው? ጤናማው 60 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ከዙሩ 70 በመቶ ጥቂት አለፍ ሲል ነው፤ ዘግይቶና አንሶ ከመጣ፣ ሬክተሱም እስከ አየር ጉዞው መሃል ከሠራ፣ ያኔ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ነው። በመጨረሻም ቀስ ብሎ መሄድ ብቻውን የጉልበትን መታጠፍ ይቀንሳል፣ ባቱ በደንብ ካልገፋም እንደዚያው። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ ሳይስተካከል ሬክተሱን ማዳከም ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ከተስተካከለ በኋላ ተመልሰሽ ለኪው።

ከመነሻው ከ6 እስከ 8 ሜትር ይሂድ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሁለት ሁለት እርምጃዎችን ጥለሽ በየእግሩ ቢያንስ 10 ዙር ሰብስቢ። አማካዩን ብቻ አትዪ፣ ዙሮቹን ደርበሽ እያቸው። አንዱ ከሌላው በጣም የሚለያይ ከሆነ አማካዩ ይዋሻል። ትእዛዙንም ልጁ ቤት በሚናገርበት ቋንቋ ስጪው፣ ኦሮምኛም ሶማልኛም ይሁን። በማይገባው ቋንቋ የታዘዘ ልጅ ተሸማቆ ይራመዳል፣ የምትለኪውም መሸማቀቁን ይሆናል።

ፊዚዮ ሳቢያን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደግመን መዘገብን። ቻርጀሩን ነቅለን ቲቢያሊሱን ወደ አጥንቱ ጠርዝ ስናቀርበው እግሩ መሬት ላይ ባለበት ሰዓት መሃል ላይ ዝም አለ፤ አየር ላይ ሲሆን ግን ይሠራል። በዝግታ ስገፋው 5 ዲግሪው ላይ ባቱ ዝም ይላል፣ በፍጥነት ሲሆን ፍንዳታው ግልጽ ነው። ማንሻ ስናስገባ የቀደመው ሥራ አነሰ እንጂ አልጠፋም። ቫስተስ ላተራሊስ ከሬክተስ ጋር አንድ ዓይነት ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የግራ ቲቢያሊስ ጫፉ 70 ማይክሮቮልት ነው፣ የቀኙ 190። ደካማ ነው ልበል?

ሲግናል ቀዚራ

በማይክሮቮልት አይበሉ። ከቆዳ በታች ያለው ስብ፣ የኤሌክትሮዱ ጥቂት ሚሊሜትር መዛነፍ፣ የላቡ መጠን ሁሉም ቁጥሩን ይለውጡታል። አዋቂ ላይ የሚደረገው «በሙሉ ኃይልህ ግፋ» ብሎ በዚያ መከፋፈልም እዚህ አይሠራም፣ እነዚህ ልጆች አንዱን ጡንቻ ለይተው በሙሉ ኃይል ማዘዝ ራሱ ይቸግራቸዋልና። እያንዳንዱን ቻናል በራሱ ከፍተኛ ነጥብ ያካፍሉትና ጊዜውን ብቻ ያነጻጽሩ። ድክመቱን በእጅ ይመርምሩ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ከአጥንት ምልክት ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። ይህ ሳይኖር ከሕክምና በፊትና በኋላ ያለውን ማወዳደር አይቻልም።

የጡንቻዎችን ቅንጅት በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ዋክ ዲኤምሲ የሚባለውን ለማስላት የሚያስብ ካለ፣ 4 ቻናል አይበቃም። በ2015 ስቲል፣ ሮዙማልስኪና ሽዋርትዝ ሲያቀርቡት ሁለቱን የጭን ጀርባ ጡንቻዎች ለየብቻ ጨምሮ በ5 ጡንቻ ነው። ጤናማ ልጆች አማካይ 100፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 10 እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ በዚያው መሣሪያና በዚያው ማጣሪያ የተለኩ ጤናማ ልጆች መነጻጸሪያም ያስፈልጋል።

ሪሃብ ሐረር

ቲቢያሊሱ አየር ላይ እየሠራ እግሩ ካልተነሳ፣ ያጠረ ባት እየያዘው ነው ወይም ደክሟል። አስቀምጪው፣ ጉልበቱ ታጥፎ ስለሆነ ባቱ አይይዘውም፤ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ወደ ላይ አንሳ በይው። ካልቻለ፣ ጭኑን በእጅሽ ተቃውመሽ እንዲያነሳ ጠይቂው። ያኔ እግሩ አብሮ ከተነሳ ጡንቻው አለ፣ ለይቶ ማዘዙ ነው የጎደለው። ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠናው ማጠንከር ብቻ ሳይሆን ለይቶ ማዘዝን ማስተማር ነው፤ የቲቢያሊሱን መስመር ስክሪን ላይ እያየ ቢለማመድ መሣሪያሽ ሁለተኛ ጥቅም ይሰጥሻል።

ስለ ቀረው፣ ያገኘሽው ሁለቱንም ነው፦ ያጠረ ጋስትሮክኒሚየስ፣ በላዩ ስፓስቲሲቲ። ለ5 ዲግሪ ተከታታይ ጀሶ ይቀድማል። ቦቱሊነም ከተጨመረ ለባቱ ነው፣ ውጤቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጎላል፣ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ያ ጊዜ ካልተሠራበት ባክኗል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የሦስቱን ዲግሪዎች፣ የዝግታውን ዝምታና የማንሻውን ውጤት ጻፊ። ሬክተሱን «ከቫስተስ መለየት አልተቻለም፣ ቁርጭምጭሚቱ ከታከመ በኋላ ይደገም» በዪ።

ጀሶና ድጋፍ ደቻቱ

ጀሶውን የሚሠራው ሰው ጉልበቱን ዘርግቶ፣ ተረከዙን ቀጥ አድርጎ ይሥራው። እግሩን በኃይል 90 አያድርሱት፤ ባቱ እምቢ ሲል እግሩ መሃሉ ላይ ይታጠፍና ተረከዙ ጀሶው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያለ ኃይል በሚደርስበት ይታሰር፣ በየሳምንቱ ተፈትቶ ጥቂት ዲግሪ እየተጨመረ ይታደስ። በኛ ሙቀት ከሥር የሚገባው ጥጥ በላብ ከተጨመቀ ቆዳ ይልጣል፣ ስለዚህ ተረከዙና የቁርጭምጭሚቱ አጥንቶች ላይ ደረብ ይደረግ። ልጁ ሌሊት ካለቀሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ወላጅ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን እንዲያስፈታው ይነገረው።

ከዚያ ኤኤፍኦ (ቁርጭምጭሚትንና እግርን የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ)። 5 ዲግሪው ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ድጋፉን በቀረው አንግል ሠርተው ክፍተቱን ከተረከዙ በታች በማንሻ ይሙሉት። ከተረከዝ እስከ የጣቶች ሥር 13 ሴንቲሜትር በሆነ እግር ላይ 5 ዲግሪ ወደ 11 ሚሊሜትር ማንሻ ይሆናል። ማንሻው ግራውን ስለሚያስረዝም ሁለቱን እግሮች ለክተው ቀኝ ጫማ ላይ ማካካሻ ያስፈልግ እንደሆነ ይዩ፤ በአንድ ጎን ሴሬብራል ፓልሲ ላይ የተጎዳው እግር ብዙ ጊዜ አጠር ስለሚል ምንም ላያስፈልግ ይችላል።

ወላጆቹ ኤሌክትሮዱን «ኤሌክትሪክ ያስገባበታል» ብለው እንደሚፈሩ አስቡ። መሣሪያው የሚሰማ እንጂ የሚልክ አለመሆኑን ከመለጠፍ በፊት አባት ወይም እናት ክንድ ላይ አድርገው ያሳዩ፤ ልጁም አይቶ ይረጋጋል። ድጋፉ ከተሠራ በኋላ ኢኤምጂውን ስትደግሙ ባዶ እግሩን፣ በጫማ ብቻና በድጋፍ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀንና ኤሌክትሮዱ ሳይነሳ መዝግቡ። ድጋፉ የሚገባበትን ቦታ አስቀድማችሁ ለኩ፣ ፕላስቲኩ የባቱን ኤሌክትሮድ ከጫነው ሦስተኛው ምዝገባ አይረባም።